ውሽውሽ፦ ሻዩ የሚያልቅበት ጥግ

ውሽውሽን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት ከወጥ ቤት መደርደሪያው ነው። ከፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ጸጥተኛ መንደር መሆኗ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው። በዚያ የሚያልፉትም ብዙዎቹ መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ ፎቶ ተነሥተው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ፎቶውስ ያምራል። የቦታው ጣዕም ያለው ግን ሻዩ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ነው፤ እስከ ወገብ ተከርክሞ የተስተካከለው አረንጓዴ ድንገት ይቆምና ከኋላው ግንዱ ሽበት ያወጣ የሚመስል ጫካ ይነሣል። እዚያ የሚደረሰው በእግር ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ቦንጋ በወልቂጤና በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዶ የወጣ በአንድ ቀን ይገባል፤ ነገር ግን ከጅማ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ስለሚወጣ ያን ክፍል ሲመሽና ሲዘንብ መንዳት አይመከርም። ጅማ አድሮ ማለዳ መነሣት ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። ማደሪያችሁን ቦንጋ አድርጉት፤ ገንዘብም ከዚያው በጥሬው ያዙ።

ወቅትን በተመለከተ ሁሉም «በበጋ ሂዱ» ይላል። ከኅዳር እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን በደረቅ ወቅት ሻዩ ቀስ ብሎ ስለሚያቈጠቁጥ ለቀማው ይሳሳል፤ ማሳው ውስጥ ሰው ላታዩ ትችላላችሁ። ትንሽ ጭቃ ለሚችል ሰው የጥቅምት መጀመሪያ ይመረጣል። ዝናቡ እየቀለለ፣ ቅጠሉ ገና እየፈላ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ለእግረኛ ፈተና ነው።

ማሳው የኢትዮ አግሪ ሴፍት ኩባንያ የግል እርሻ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። መታወቂያ ይዛችሁ በር ላይ ጠይቁ፤ በሥራ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ላይገኝ ይችላልና። ከተፈቀደላችሁ በኋላ በመኪናው መንገድና በለቃሚዎቹ መተላለፊያ ብቻ ሂዱ። ሻይ ቢተዉት ዛፍ የሚሆን ተክል ነው፤ ላዩ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው በዓመታት ክርከማና ለቀማ ነው። ፎቶ ለመነሣት ሰው ጥሶ ሲገባ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ከላይም ቀዳዳ ይከፈትበታል፣ በዚያ ቀዳዳ አረም ይወጣል።

ለቀማውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሚፈለገው ጫፉ ላይ ያለችው እምቡጥና ከሥሯ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀጨት ተደርገው በጀርባ ወዳለው ቅርጫት ይወረወራሉ። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማውጣት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ይፈጃል። ቅጠሉ ታጭቆ ከቆየ በራሱ ሙቀት ይበላሻል፤ ስለዚህ ጭነቱ በዚያው ቀን ፋብሪካ መድረስ አለበት። ጠመዝማዛው ላይ የተጫነ መኪና ስትሰሙ ቀድማችሁ ዳር ያዙ፤ ጭቃ ላይ ፍሬን በቶሎ አይዝም። በነገራችን ላይ ዙሪያውን የምታዩት ባሕር ዛፍ ለጌጥ አይደለም፤ ማድረቂያውን የሚያነደው እሱ ነው።

ከማሳው ወደ ጫካ ለመግባት ቦንጋ ላይ የአካባቢውን መሪ ያዙ። የእርሻው መንገዶች ሁሉ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ የቱ ጋ እንደታጠፋችሁ ይጠፋችኋል። ከፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ መሪው ማን የት እንደሚፈቀድለት ያውቃል። ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሚሄድበትን መንገድ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ።

መነሻ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። ጉሬዛ የሚጮኸው በዚያ ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሸለቆው ውስጥ ሞተር የተነሣ ያስመስላል። ከላይ ክንፉ ሽው የሚል፣ ምንቁሩ ላይ ቆብ የደፋ የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍም አይጠፋም። ከዛፉ ጥላ ሥር በተፈጥሮው የበቀለ ቡናና ኮረሪማ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ረጅም የማር ቀፎ ታያላችሁ። ባለቤት አለው፤ ከሥሩ አትሰብሰቡ።

ለጫማ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው የላስቲክ ቦት ከማንኛውም ውድ የተራራ ጫማ ይሻላል። ችግሩ ተረከዝ ማላጡ ነው፤ ሁለት ካልሲ ደርቡበት። ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ ክተቱ፤ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ የሚገባው ከሥር ነው። ከነከሳችሁ ቆማችሁ አታራግፉ፤ መጀመሪያ ከሰልፉ ራቁ። ሲያዳልጣችሁም ያገኛችሁትን ቅጠል አትያዙ፣ ብዙ ጊዜ ሳማ ነው። ለዚህ ነው በትር የሚያስፈልገው።

ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ ይበቃል። ቦርሳውን ከውጭ ከመሸፈን ከውስጥ ወፍራም ፌስታል አልብሱት፤ የጫካ ዝናብ በጀርባ በኩል ነው የሚገባው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አስፋልቱ ላይ ሁኑ፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ አይታመንም። ቦንጋ ስትደርሱ ከቡናው በፊት ቦቱን እጠቡ፤ ያ ቀይ አፈር አንዴ ከደረቀ በቢላዋ ካልተፋቀ አይለቅም።