ሞላ ከመቁረጣችሁ በፊት፦ በትንሽ በጀት የስፖርት መኪና ዝቅ ማድረግ

መኪና ስንት ሚሊ መውረድ እንደሚችል መልሱ ያለው ሾኩ ዘንግ ላይ ነው። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ሰብስቡና ከሾኩ አናት እስከ ባምፕ ስቶፑ (ሾኩ ገብቶ ሲያልቅ ምቱን የሚቀበለው ጎማ) ጫፍ ያለውን ክፍተት ለኩ። ከዚያ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ እስከ ሾኩ አናት አስጠጉትና በምትሄዱበት መንገድ ንዱ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ሾኩ እስከምን ድረስ እንደሚገባ ያሳያችኋል። ክፍተቱ 45 ሚሊ ሆኖ መኪናውን በ40 ብታወርዱት የቀራችሁ 5 ነው። ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ባምፕ ስቶፑን ታስመታለች፤ ኩርባ መሀል ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ጥግ በአንዴ ይደርቅና ጎማው መሬቱን ይለቃል። ለመንገድ መኪና ከ25 እስከ 30 ሚሊ ይበቃል ባይ ነኝ።

ባምፕ ስቶፑን ማሳጠር ይቻላል፣ አውጥቶ መጣል ግን ሾኩን ከውስጥ ማስሰበር ነው። ከወረደው ልክ በላይ አትቁረጡ፤ ቀጭኑ ጫፍ ቀድሞ የሚነካውና ለስላሳው ስለሆነ ከወፍራሙ በኩል ይቆረጥ።

ሌላው ድንበር የታችኛው ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ማክፈርሰን ስትራት (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የታሰሩበት እግር) ባላቸው መኪኖች በጎማው በኩል ያለው የብራቾ ጫፍ በሻሲው በኩል ካለው ከፍ ካለ፣ ሮል ሴንተሩ (መኪናው ኩርባ ላይ ሲጋደም የሚዞርበት ነጥብ) ከመኪናው አካል ይበልጥ ይወርዳል። ሞላው በዚያው ልክ ካልጠነከረ መኪናው ዝቅ ብሎም ኩርባ ላይ ከቀድሞው የባሰ ይጋደማል። ብራቾው አግድም ሲሆን ማቆም ነው።

ወደ መቁረጡ እንምጣ። ሞላ መቁረጥ ስሙ የጠፋው በአብዛኛው በእሳት በሚያሞቁት ሰዎች ነው። እሳት የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል፤ ሞላው ሳይቆይ ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። በግራይንደርና በ1 ሚሊ ዲስክ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዙ ከተቆረጠ ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው። 6 የሚሠራ ዙር (መቀመጫው ላይ ያልተኛ፣ የሚጨመቅ ዙር) ያለው፣ ጥንካሬው በሚሊ 25 ኒውተን የሆነ ሞላ 3000 ኒውተን ተሸክሟል እንበል። 120 ሚሊ ተጨምቋል ማለት ነው፤ ነፃ ቁመቱ 350 ከሆነ መኪናው ሥር 230 ነው። ነፃ ሆኖ ከዙር እስከ ዙር 50 ሚሊ ካለው፣ ግማሽ ዙር ሲቆረጥ ቁመቱ 325 ይሆናል። ነገር ግን የቀሩት 5.5 ዙሮች ጠንክረው ወደ 27.3 ስለሚደርሱ የሚጨመቁት 110 ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ሥር 215 ይሆናል፤ የወረደው 25 ሳይሆን 15 ሚሊ ነው። ስሌት ለማይወድ አቋራጭ አለ፦ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ከአንዱ ዙር መሀል እስከ ቀጣዩ ዙር መሀል ለኩ። የዚያ ግማሽ፣ ግማሽ ዙር ስትቆርጡ የምታገኙት ነው።

ይህ የሚሠራው ሞላው ስትራቱ ላይ ሲሆን ነው። ሞላው ብራቾው መሀል ላይ ከተቀመጠ፣ ለምሳሌ ከብራቾው መገጣጠሚያ እስከ ሞላው 240 እስከ ጎማው 400 ሚሊ ከሆነ፣ ሞላው ላይ 15 ሚሊ ማሳጠር ጎማው ጋ 25 ሆኖ ይመጣል። የኋላው ካሰቡት በላይ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚረሳው ሌላኛው ጫፍ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠልም ሞላው በሁለቱ መቀመጫዎች መሀል ተጨምቆ መቆየት አለበት። በላይኛው ምሳሌ ስትራቱ ላይ እንደታሰረ ቁመቱ 320 ከሆነ 30 ሚሊ መጨመቂያ አለው። 25 ተነስቶለት 5 ቀርቷል፤ ሩብ ዙር ብትጨምሩበት ይላላል፣ ይንኳኳል፣ ከመቀመጫውም ይወጣል። ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ሞላ በጠባቡ በኩል አይቆረጥም፣ መቀመጫው አይቀበለውምና። የተቆረጠውን ጫፍ አለስልሳችሁ ቀለም ቀቡት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ዝገት ከበላው ቦታ ነው።

እኔ ብመርጥ ግን፣ የዚያው ሞዴል የስፖርት ዓይነት ካለው፣ ከእሱ የወጣ ያገለገለ ሞላ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ዝቅ ያለና ጠንከር ያለ ነው፤ መቀመጫውም ይገጥማል። ስትገዙ የክፍል ቁጥሩን ወይም የቀለም ምልክቱን አመሳክሩ፣ የታችኛውን ዙር ለዝገት በጥፍር ፈትሹ። ርካሽ ኮይልኦቨር (ከፍታው በቀለበት የሚስተካከል ሾክና ሞላ) ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ሾኮቹን በደህና ለመለወጥ ባውለው እመርጣለሁ፤ ቀለበቱ በዝገት ከተያዘ በኋላ «የሚስተካከል» የሚለው ስም ብቻ ነው የሚቀረው።

ከመፍታታችሁ በፊት በአራቱም ጥግ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለክታችሁ ጻፉ። መኪናው ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ ይቀመጥ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የፍሬን ጎሚና ሽቦ ከስትራቱ ላይ ነፃ አውጡ፣ የካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘንበል) ማስተካከያ ቡሎን ካለ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሞላ መጨመቂያዎቹ ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው በየተራ ጥቂት ዙር እየተባሉ በእጅ ይጠበቁ። ሞላው ከሁለቱም መቀመጫ ላልቶ በእጅ ሲንቀሳቀስ ካላያችሁ የላይኛውን ዳዶ አትንኩ፤ በዚያ ጉልበት የሚወረወር ሞላ ሰው ይገድላል።

ስትመልሱ የብራቾ ቡሎኖችን ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አታጥብቁ። የውስጡ ጎሚኒ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ያዝ አድርጉት፣ መኪናውን በጎማው አስቁሙ፣ ከዚያ በማኑዋሉ ልክ አጥብቁ።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) የበጀቱ አካል እንጂ ተጨማሪ ወጪ አይደለም። ጎማ በውስጥ በኩል ሲበላ ካምበር ይወቀሳል፣ አብዛኛውን ጥፋት የሚሠራው ግን የተበላሸ ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) ነው። ካምበሩ እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ) ገብቶ ቶው ትክክል ከሆነ ጎማው ይኖራል።

አንዳንድ የቆዩ መኪኖች የኋላ አክሰሉ ላይ ጭነትን የሚለካ የፍሬን ቫልቭ በዘንግ ተያይዞ አላቸው። መኪናው ሲወርድ ቫልቩ የተጫነ ይመስለውና ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ በእርጥብ መንገድ የኋላው ቀድሞ ይቆለፋል። የዘንጉን ርዝመት በማኑዋሉ መሠረት አስተካክሉ። ከፍታ እየለካ የፊት መብራት የሚያስተካክል ሴንሰር ካለም እንደዚሁ።