አንተ ያልኳት ሴት

ዊኪፒዲያ ላይ ከሰው የተጣላሁት በዓድዋ ነው። በጦርነቱ አይደለም፤ በዓመተ ምሕረቱ።

አንድ ምሽት የአማርኛውን ገጽ ስከፍት አንድ ሰው 1888 የነበረውን 1896 አድርጎታል። ደሜ ፈላ። ወደ ነበረበት መለስኩት። እርማትህን ስታስገባ ምን እንደሠራህ በአጭሩ የምትጽፍባት ሳጥን አለች። እሷ ላይ «ሳታውቅ አታበላሽ!» ብዬ ጻፍኩ። ሻይ አፍልቼ ስመጣ 1896 ተመልሶ ቁጭ ብሏል። «መጽሐፍ አንብብ» ይላል። እንዲህ እየተመላለስን ሦስት ጊዜ ሞላን። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዲህ ማድረግ ያሳግዳል፤ ትክክል ነበርኩ ማለት አያድንም። አማርኛው ላይ ግን ሰዉ ጥቂት ነው። ገላጋይ ከየት ይምጣ?

በማግስቱ የገጹን ታሪክ ከፍቼ የራሴን ቃል አነበብኩት። አፈርኩ። እዚያች ሳጥን ላይ የጻፍከውን አንተ ራስህ ልታጠፋው አትችልም፤ የገጹን ታሪክ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሳልነካ ወደ ውይይት ገጹ ሄድኩ።

እዚያም ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ሰውየውን ምን ብዬ ልጥራው? በእንግሊዝኛ ቢሆን «ዩ» ብሎ ማለፍ ነው። አማርኛ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ከመጀመሪያው ግስ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለት አለብህ። የመለያ ስሙ ደግሞ ምንም አይናገርም። በአንቱታ ገባሁ፦ «እርስዎ የያዙት መጽሐፍ የትኛው ነው? እኔ ጋ ያለው የካቲት 23 ቀን 1888 ይላል።»

መልሱ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «አንቱታው ይቅርብኝ። ግን ‹አታበላሽ› ያልከኝ ሴት ነኝ።»

አሜሪካ ነው ያደገችው። መጽሐፏ እንግሊዝኛ ነው፤ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል። ልክ ነው! ከጃንዋሪ እስከ እኛ አዲስ ዓመት ባሉት ወራት የፈረንጁ አቆጣጠር ከእኛ በ8 ዓመት ይቀድማል። ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን ከኋላው የቀረችው «ዓ.ም.» ነበረች። እኔ ያንን በአንድ መስመር ማስረዳት ስችል ሦስት ጊዜ ተሳደብኩ። አሁን ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ የእሷው ፊት «እ.ኤ.አ.» ተጨምሮበት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናድደኝ ሳላድር አልመልስም። የሰውን እርማት እንዳለ ከመጣልም የሚተርፍ ነገር እፈልግበታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የወታደር ብዛት ላይ ስንለያይ ደግሞ ሁለቱን ግምቶች በየጸሐፊዎቻቸው ስም አስቀመጥናቸው። እኔ እንኳ የራሴ ብቻ እንዲቀር ነበር የፈለግኩት። እንዲያው ሳስበው፣ ጦርነቱ ራሱ የመጣው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር ስለሚል አልነበር?

አሁን የቀረን የርዕሱ ፊደል ነው። እሷ «አድዋ» ይበቃል ትላለች። እኔ፣ የአገሩ ሰው በትግርኛ በዓይኑ «ዓ» ስለሚጽፈው «ዓድዋ» ይሁን ባይ ነኝ። የመጨረሻውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፤ እየጠበቅኩ ነው።