ናሙና የሚወሰድበት ቦታና ሰዓት ወንዙን ሲጎዳው

ለአንዲት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎችን አስገንብቼ ሥራ አስጀምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ከሥራው ሁሉ ከባድ ስለሆነብኝ አንድ ደረጃ አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ግንባታው እንደታቀደው ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው ጥልቅ ኩሬ ዝቃጩን ያስቀራል፤ ሁለተኛው በአልጌና በባክቴሪያ አማካይነት የቀረውን ያብላላል፤ 1 ሜትር ገደማ የሚጠልቀው የመጨረሻው ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ጀርሞችን ይገድላል። ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልገው፣ ሰፊ መሬት ላላት ትንሽ ከተማ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የመጣው ከናሙና አወሳሰዱ ነው። የፈቃዱ ሰነድ ናሙናው የተጣራው ውኃ ወደ ወንዙ ከሚለቀቅበት ከኩሬው መውጫ ላይ በሥራ ሰዓት እንዲወሰድና ባክቴሪያዎች በውስጡ የቀረውን ቆሻሻ ሲያብላሉ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በ5 ቀናት የሚፈጁት ኦክስጅን እንዲለካ ያዛል። ውጤቱ ሁልጊዜ ከገደቡ በታች ነበር፤ ከመውጫው በታች በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ግን ዓሣ ጎህ ሲቀድ ሞቶ እንደሚያገኙ ደጋግመው አመለከቱ። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ «ውጤቱ መስፈርቱን ያሟላል።»

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገሩ ነበር። ባክቴሪያ የቀረውን ቆሻሻ የሚያብላላው ውኃው እየፈሰሰ ሳለ በመሆኑ፣ የወንዙ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው መውጫው ላይ ሳይሆን ርቆ ከታች ነው፤ ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የኦሃዮ ወንዝ ጥናታቸው በሒሳብ ቀመር አሳይተዋል። በዚህ ላይ በፍሳሹ ውስጥ በአሞኒያ መልክ ያለ 1 ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ይህን ለውጥ የሚያካሂዱት ባክቴሪያዎች በዝግታ ስለሚራቡ የ5 ቀኑ ምርመራ ብዙውን ጊዜ አያሳየውም። ከኩሬው የሚወጣው አልጌም ቀን ኦክስጅን እያመረተ ሌሊት መልሶ ይጠቀመዋል። በሥራ ሰዓት የተቀዳ ናሙና እንግዲህ የወንዙን መልካም ሰዓት ብቻ ይመሰክራል።

ስለዚህ በእጅ የሚያዝ የኦክስጅን መለኪያ ተውሼ ጎህ ሳይቀድ ወንዙን ተከትዬ እየወረድኩ ለካሁ። ዝቅተኛውን መጠን ያገኘሁት ውኃው ቀስ ብሎ በሚያልፍበት ጥልቅ ጠመዝማዛ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ዓሦች ከሚፈልጉት በሊትር 5 ሚሊ ግራም እጅግ ያነሰ ነበር። ሰነዱን ሳቀርብ ልኬቱ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የተወሰደ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ። አንድም ባለሙያ ወርዶ ለማየት አልፈቀደም፤ ይህ እስካሁን ያስቆጣኛል።

መፍትሔውን ያገኘነው ያለ እነርሱ ነው። ከሁለተኛው ኩሬ የሚወጣው ውኃ አልጌ ከበዛበት የላይኛው ንብርብር በታች፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠልቆ እንዲቀዳ አደረግን፤ የመጨረሻውን ኩሬ ግንብ ከፍ አድርገንም ወንዙ በሚደክምበት ወራት ውኃውን አቁረን ወንዙ ሲሞላ ለቀቅን።

ፈቃድ የምትጠይቁ ሰዎች ስሌታችሁን በወንዙ አማካይ ፍሰት ላይ አትመሥርቱ፤ መመሪያው ቢፈቅድላችሁም በደረቁ ወር ዝቅተኛ ፍሰት አስሉ። የዝቃጩን ማስወገጃ በጀትም ኩሬው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አስጸድቁ። የኛ ፈቃድ ዛሬም መውጫውን ብቻ ይጠቅሳል፤ እኔ ግን በየሪፖርቱ ጎህ ሳይቀድ ከወንዙ የተወሰደውን ልኬት፣ ባይጠይቁኝም፣ አያይዤ እልካለሁ።