ጅማ፣ ሁለተኛ ፎቅ

የከሰርኩበትን ሕንጻ ለማየት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም። ግን ጓደኛዬ መሐንዲስ ነው። ጅማ ላይ አንድ የማያዋጣ የገበያ ማዕከል አጥንተህ ሐሳብ አቅርብ ተብሎ «አብረን እንሂድ፣ አንተ እኮ ከተማዋን ታውቃታለህ» አለኝ። እሺ አልኩት። የትኛው ሕንጻ እንደሆነ የነገረኝ ወልቂጤ ደርሰን ክትፎው ከቀረበ በኋላ ነው። ሆን ብሎ ነው ያቆየው፤ አፌ በጎረሰበት።

ስሙን ልተወው። ባለአክሲዮኖቹ በሕይወት አሉ፣ እኔም ጅማ መመለሴ አይቀርም። መሀል ከተማ ያለ ባለ አራት ፎቅ ኮንክሪት ነው። በ2001 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ሳጣ፣ ከአጎቴ ብር ተበድሬ ሁለተኛ ፎቁ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ያከራየኝ ሰውዬ «ተማሪው በሙሉ እዚህ ነው የሚመጣው» አለኝ። ስምንት ወር ቆየሁ። ለአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ብሎ ሁለት ፎቅ የሚወጣ ተማሪ እግዜር አልፈጠረም። ማሽኑን በግማሽ ዋጋ ሸጬ ወጣሁ፤ የአጎቴን ብር ከፍዬ የጨረስኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ጊቤን ወርደን ወጣን፤ ሙቀቱ እንደ ድሮው ነው። ሰቆሩ፣ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ከዚያ አረንጓዴው እየጠቆረ ሄዶ ጅማ ገባን። ማታ ዘነበ። ጠዋትም ዘነበ።

ጓደኛዬ ወደ ሕንጻው ከመሄዳችን በፊት ጅሬን እንውጣ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታው ላይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ ሦስቴም ፎቶ ተነስቼ ወርጃለሁ። ይኼ ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። እንጨቱን እየዳሰሰ፣ ሰገነቱን ቀና ብሎ እያየ፣ በጣሪያው ክፈፍና በግድግዳው መሀል ያለውን ርቀት በእርምጃ ሲለካ ቆየ። «አየህ፣» አለኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ዝናብ እንደሚዘንብ ያውቁ ነበር።» የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወደ ከተማ ስንወርድ ነገሩ ገባኝ። ጅማ ድሮም የገበያ ከተማ ናት። ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነበረች፣ ቡናውም ማሩም ጨርቁም ከየአቅጣጫው የሚገናኝባት። ከዚያ ጣሊያን መጣና በአምስቱ ዓመት ውስጥ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መናገሻ አድርጎ ሠራት። ለእኛ ብሎ አልሠራም፤ የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ ነው የነደፈው፣ ፈረንጅ አራዳ የሚለው ስምም እስካሁን አለ። ግን ከዚያ ዘመን የቀሩት ቤቶች በረንዳ አላቸው። ሰው ከዝናብ ይጠለልበታል፣ እግረ መንገዱን ካልሲ ይገዛበታል፣ ጫማ ያስጠርግበታል።

የኛ ሕንጻ በረንዳ የለውም። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ዝናቡም አብሮት። ከመንገዱ አምስት ደረጃ ከፍ ይላል። በሩ አንድ ነው፤ በሩ ላይ ፍተሻ አለ። የመንገድ ዳሩ ሱቆች እንኳ ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፤ ለመንገዱ ያተረፉለት ብሎኬትና ጀነሬተር ነው። ሲመረቅ «ዘመናዊ» ተብሎ ነበር። ዘመናዊ ማለት ከጭቃውና ከጉልቱ መለየት ነበረ መሰለኝ። ተለየ። ጉልቱም ከእሱ ተለየ።

ጓደኛዬ እኔን ደረጃው ሥር አቁሞ ቁጠር አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆጠርኩ። ወደ ምድር ቤቱ 43 ሰው ገባ። ወደ ላይ የወጣው ሰባት ነው። ከሰባቱ ሁለቱ ሽንት ቤት ፍለጋ፣ አንዱ ደግሞ ተሳስቶ፤ ወዲያው ተመለሰ። እሱ ሜትር አውጥቶ ደረጃውን ይለካል፤ የአንዱ ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር። ጨርቅ በፌስታል የተሸከሙ አንዲት እናት መሀል ላይ ቆመው ሲተነፍሱ አየናቸው። ልናግዛቸው ስንል «ተዉት ልጆቼ፣ ልማዴ ነው» አሉን።

እኔ ወደ ድሮ ሱቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ በቀን በስልክ መብራት ነው የሄድኩት። ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ አንድ ክፍት ሱቅ፣ ቁልፍ። የእኔ በር ተቆልፏል። የታጠፈው ቆርቆሮ ላይ በእጄ የጻፍኩት «ፎቶ ኮፒ 50 ሳንቲም» ግማሹ ተልጦ አለ። የቀረው «ኮፒ 50» ነው። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ተናድጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ደረጃውን ቢቆጥርልኝ ኖሮ ብቻ ነው ያልኩት።

አንዱ ክፍት ሱቅ የልብስ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ግን መኪና የለም፤ ጥቅል ጨርቅ ብቻ። ባለቤቱ የት ሄደ ስል አንዲት ልጅ «ጋሼ ታች ናቸው» አለችኝ። ታች ማለት መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ የድሮው ቤት በረንዳ ላይ። ጋሼ ሲንጀራቸውን እዚያ ዘርግተው ሱሪ ያሳጥራሉ። በወር ሁለት ኪራይ ይከፍላሉ፣ አንዱን ለፎቁ፣ አንዱን ለበረንዳው።

«ታዲያ ፎቁን ለምን አይለቁትም?»

«ንግድ ፈቃዴ የወጣው በዚያ አድራሻ ነው» አሉኝ፣ ፔዳሉን ሳያቆሙ። «ደግሞ ጨርቁ እዚያ አይበሰብስም። ሰው አይደርስበትማ!»

ዝናቡ ሲጠና እዚያው በረንዳ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት በርጩማ ሰጠችን። የጅማ በርጩማ ካልተቀመጣችሁበት አታውቁትም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም፣ ወጣ ገባ መሬት ላይ የማይነቃነቅ። ጓደኛዬ ማስተርሱን የተማረው ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ነው፣ እና ቡና ሲቀምስ ኤድንብራ ይነሳበታል። በዚህ በዚህ እንስቅበታለን። ዛሬ ግን አዳመጥኩት።

ስኮትላንዶች መሀል ከተማቸው ላይ ሴንት ጀምስ የሚባል አደባባይ ነበራቸው። የኤድንብራን «አዲሱ ከተማ» የሚባለውን ሰፈር የነደፈው ጄምስ ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1773 ያቀደው። በ1960ዎቹ አፈረሱትና ትልቅ የኮንክሪት የገበያ ማዕከል ከመንግሥት ቢሮ ጋር ተከሉበት። ከተማው ሁሉ ጠላው። ሰው ሲጠላው አርባ ዓመት በላይ ቆየና በ2016 ተዘጋ፣ ፈረሰ፣ በ2021 ሌላ ተተካ። ዙሪያው ሲፈርስ ጆን ሉዊስ የተባለው ትልቁ ሱቅ ብቻ በሩን አልዘጋም፤ በአቧራው መሀል ይሸጥ ነበር። አዲሱ ላይ ነሐስ በሚመስል ብረት እንደ ጥምጥም የተጠቀለለ ሆቴል አለ። ያገሩ ሰው ለዚያ ጥምጥም ያወጣለትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እኛ ብንሆን «የወርቅ ፋንድያ» እንል ነበር።

«እና ተወደደ?» አልኩት።

«ጥምጥሙ አልተወደደም። መንገዱ ተወደደ። በሕንጻው መሀል ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፍ መንገድ ከፈቱ፣ ሰው የሚገዛው ባይኖረው እንኳ በዚያ ያቋርጣል። የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይገዛል።»

ይኼን ብሎ ወደ ሕንጻችን ጀርባ ጠቆመኝ። ከኋላ ባጃጆች የሚሰለፉበት ቦታ አለ። ሰው ከባጃጅ ወርዶ ወደ ዋናው መንገድ ለመድረስ ሕንጻውን በጭቃ ይዞረዋል። ስምንት ወር እዚያ ሠርቼ ይኼን አላየሁም። እኔም በጭቃው ስዞር ነበር!

ባለአክሲዮኖቹን ከሰዓት አገኘናቸው። ሦስት ሐሳብ ነበራቸው። አንዱ አፍርሰን አሥራ ሁለት ፎቅ እንሥራ ይላል። ሁለተኛው በክላዲንግና በመስታወት እንሸፍነው፣ ከተማው በኮሪደር ልማት እያማረ እኛ ብቻ አስጠላን ይላል። ሦስተኛው ሽጠን እንገላገል። ጓደኛዬ በትሕትና ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሣለላቸው። ኮለኑም ሶሌታውም ጤነኛ ነው፣ አይፈርስም። የሚፈርሰው የምድር ቤቱ ብሎኬት ነው። ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዙሩ፣ ከፊታቸው ሦስት ሜትር በረንዳ ይውጣ፣ ከኋላው ግድግዳ በር ተከፍቶ እስከ ዋናው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፍ። ደረጃው መሀል ላይ ማረፊያና መስኮት ይግባ። ላይኛው ፎቅ ሱቅ መሆኑ ይቅር፤ ክሊኒክ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ይግባበት። ሰው ለጥርሱ አራት ፎቅ ይወጣል፣ ለካልሲ ግን አንድ ደረጃ አይወጣም።

ሽማግሌው ባለአክሲዮን ብዙ ዝም አሉ። ኋላ «ልጄ፣ ይኼ በረንዳ ኪራይ አለው?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም አባቴ። ኪራዩን የሚያመጣልዎት ግን እሱ ነው።»

አልወደዱትም። ለባዶ ቦታ ሲሚንቶ ማፍሰስ ማንም አይወድም። መስታወቱ ቢያንስ ያብረቀርቃል። እኔም እንደ ድሮ ተከራይ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ስለ 50 ሳንቲሟ ፎቶ ኮፒ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ አንደኛው «አንተ ነህ እንዴ ያ የሁለተኛ ፎቁ ልጅ!» አለ። የመጨረሻ ወር ኪራይ እንደቀረብኝም አስታወሰኝ። ትንሽ ውሸት አለበት፣ ግን አልተከራከርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከበረንዳዋ ሴት ሁለት ኪሎ ቡና ገዝቼ ተነሳን። ጋሼ ልብስ ሰፊው መኪናቸውን ገና እያወጡ ነበር፤ በረንዳው ከመጣ የመጀመሪያው ቦታ የኔ ነው ብለው ለጓደኛዬ አስያዙት፣ እሱም ያለ ሥልጣኑ እሺ አላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። የኋላው በር ይከፈታል። በረንዳውም ተፈቀደ፣ ከሦስት ሜትር ወደ ሁለት ከግማሽ ተቀንሶ። ደረጃው ገና እያከራከራቸው ነው። ክላዲንጉን ግን አልተውትም፤ ቀለሙን መርጠው በቴሌግራም ልከውለታል።

«ምን ዓይነት?» አልኩት።

«ወርቃማ» አለኝ።