የሳልሞን ዝምድና ልታጠኑ ነው? እንግዲያው ከፈቃዱ ጀምሩ

ሶካይ እና ኮካኒ አንድ ዓይነት ሳልሞን ናቸው። ሶካይ ባሕር ወርዶ ያድግና ለመራባት ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ኮካኒ ዕድሜውን ሙሉ ከሐይቅ አይወጣም። የሁለቱን ዝምድና ያጠናሁት በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ሬድፊሽ ሐይቅ ላይ ነው።

ናሙና መውሰዱ ቀላል ነው። ከክንፉ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ ትከታላችሁ፤ ዓሣውን ትለቁታላችሁ። ላብራቶሪውም ብዙ አያስቸግርም።

መከራው ፈቃዱ ነው። የሬድፊሽ ሶካይ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሊጠፋ የተቃረበ ተብሎ በሕግ ይጠበቃል። በ1992 ከባሕር የተመለሰው አንድ ወንድ ዓሣ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪዎቹ መጥበቃቸው አልገረመኝም። የገረመኝ ቅጹ ነው። «ሶካይ ወይስ ኮካኒ?» ይላል። እኔ ደግሞ በዋናነት የምፈልገው ሌላ ነው፤ ከሶካይ ተወልዶ ባሕር ሳይወርድ ሐይቅ የቀረውን። ቁመቱ የኮካኒ ነው፣ ሕጉ ግን ከሶካይ ይቆጥረዋል። ዘሩን ሳልመረምር በምን ልወቅ? ለመመርመር ደግሞ ናሙና ያስፈልገኛል። ኢሜይል ጻፍኩ፤ «ቅጹን በትክክል ይሙሉ» አሉኝ። ደወልኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባ ነው ወይስ ሱባዔ? በመጨረሻ የሰጡኝ ፈቃድ ለኦገስትና ለሴፕቴምበር ብቻ ነው። ያ ኮካኒ ፊሽሁክ ጅረት ገብቶ የሚራባበት ጊዜ ነው። ሶካይና ሐይቅ የቀሩት ልጆቹ የሚራቡት በኦክቶበር፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። የእኔ ዓሣ ሲመጣ ፈቃዴ አለቀ። አንድ ዓመት ባከነ። እስካሁን ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ምክሬ ይኸው። በዓሣ ስም አትጠይቁ፤ በቦታና በወር ጠይቁ። ሁሉንም በጥብቁ የሶካይ ፈቃድ ሥር አስገቡት፤ ይዘገያል እንጂ አያስቀርም።

የተሰጠኝ መመሪያ ዓሦቹን በመጠን ለይ ይላል። እኔ ቀለሙን እዩ ነው የምለው። ሐይቅ ውስጥ ሥጋና ቆዳ የሚያቀላው ካሮቲኖይድ ጥቂት ነው። ኮካኒ በብዙ ትውልድ ያቺኑ ጥቂት አጠራቅሞ መጠቀም ችሏል፤ ሲራባ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሐይቅ የቀረው የሶካይ ልጅ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። ዲኤንኤውም ይህንኑ ነው የሚለው፦ አረንጓዴው ባሕር ከሚወርዱት ጋር አንድ ዘር ነው፣ ቀዩ ኮካኒ ለብቻው።

ታዲያ ይህን ይዛችሁ የሌላ ሐይቅ ኮካኒ የዚህኛው ዘመድ ነው እንዳትሉ። ኮካኒ በየሐይቁ ከሶካይ ለየብቻ የወጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሳልሞን ቅድመ አያት ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጠቅላላ ስብስብ፣ በሙሉ አንዴ እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ዲኤንኤው ላይ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቦታዎች እንደ አንድ ይነበባሉ፤ ዓሣው ሁሉ ከአባትና ከእናቱ የተለያየ ቅጂ የወረሰ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቦታ ከመረጃው አውጡት። ሶፍትዌሩ ራሱ ያጣራዋል የሚላችሁን አትስሙ።