ሌባው ዘበኛውን ሰላም ብሎት ወጣ

ቪትዛችን የተሰረቀችው በጥር 2017፣ ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ነው። ነጭ ናት፣ ኮድ 2፣ የ2002 ሞዴል። ችግሩም ይሄው ነው። በዚህ ከተማ ነጭ ቪትዝ ጠፋብን ብሎ መለጠፍ መርካቶ መሃል ነጠላ የለበሰች ሴት ጠፋችብኝ እንደማለት ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ወረደ። ወዲያው ተመልሶ መጣና «መኪናዋን አንቺ አንቀሳቅሰሻታል እንዴ?» አለኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም። እሱም ያውቃል። ሰው ሲደነግጥ የማይጠይቀው ነገር የለም።

ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ግቢው አጥር አለው፣ በር አለው፣ ዘበኛም አለው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። ሲነግሩን ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ አንድ ንፁህ የለበሰ ልጅ መጣ፣ ቁልፍ ይዟል፣ ከፈተ፣ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አሞቀ (ይሄ ነው ያናደደኝ፣ አሞቀ!)፣ በሩ ጋ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ እንደምን አደሩ» አላቸው። እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው በሩን ከፈቱለት። ምን ያድርጉ? የግቢውን መኪኖች በሙሉ ያውቃሉ፣ ሰዎቹን ግን እኛ ራሳችን አንተዋወቅም። የማን ወንድም፣ የማን ሹፌር እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ቁልፎቻችን ሁለቱም ቤት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቦታ ተቀርጿል። የእኛዋ ቁልፍ ቺፕ የለውም፣ ተራ ብረት ነው፣ ቁልፍ ቀራጭ ጋ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቁጭ ብለን ማን እጅ እንደገባ ስናስብ ላቫጆው፣ ጋራዡ፣ ባትሪ የቀየረልን ልጅ፣ ሰርግ ላይ መኪና የሚያቆሙት ልጆች… ተውነው። እንዲህ ማሰብ ከጀመርክ የማትጠረጥረው ሰው አይኖርም።

991 ደወልን፣ ጣቢያ ሄደን ቃል ሰጠን። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጠየቅን። ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ቤት ስለነበር ቶሎ አገኘነው። ብዙ ሰው ግን ሊብሬውን መኪናው ኪስ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ መኪናው ሲሄድ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል፣ እባካችሁ አውጡት።

ከዚያ ዘበኛው ለምርመራ ተያዙ። ይሄ ከመኪናዋ በላይ አመመኝ። ሚስታቸው ምሳ ቋጥረው ጣቢያ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። እኔን ሲያዩ ደግሞ እኔን ሊያፅናኑ ጀመሩ። ባለቤቴ መርማሪውን «በሳቸው ላይ አቤቱታ የለንም» አለው። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ወንጀል በእናንተ ፈቃድ አይጣራም አለን። እውነቱን ነው። ሲለቀቁ የግቢው ኮሚቴ ሥራቸውን ሊያስቀር ተሰበሰበ። ስብሰባው ላይ በጣም ከጮኸው ሰውዬ ጋር እስከ አሁን ሰላም አንባባልም። ሽማግሌው ሥራቸው ላይ ቆዩ፣ ሌላ ወጣት ዘበኛ ተጨመረላቸው፣ አሁን እኔን ራሴን ዘምቢል ይዤ ስወጣ ይፈትሹኛል።

ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖ ሰነበተ። ጎረቤት እየመጣ «ያፅናችሁ» ይላል። ቡና ይፈላል፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ዘመድ መኪና እንዴት እንደተሰረቀ ይተረካል። አማቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ድሮ ሌባሻይ ነበር፣ ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሌባው ቤት ይወስድ ነበር ብለው አወሩን። ልጄ ዓይኑን አፍጥጦ «እኔ ልጠጣ?» አለ። ያን ቀን ብቻ ነው የሳቅነው።

ስልክ ቁጥራችንን ቴሌግራም ላይ መለጠፋችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንዱ መኪናችሁ ሞጆ ቆማለች፣ ለጠባቂው ብር ላኩና አስይዤ እጠብቃችኋለሁ ይላል። ፎቶ ላክ ስትለው ይዘጋዋል። አንዷ እያለቀሰች ደወለችልን፣ ፎቶ ላኪ ስንላት እሷም ዘጋችው። ባለቤቴ ግን በየጊዜው ልቡ ይነሳ ነበር። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ሄዶ ዞረ። እዚያ አብዛኛው ነጋዴ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፣ ግን መኪና የተሰረቀበት ሰው ስፖኪዮ ባየ ቁጥር የኔ ነው ይላል። ነጭ ኮፈን አይቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሲመረምር እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም በዋናነት ለሱ ነው። ግዴታ የሆነው የሶስተኛ ወገን መድን፣ አዋጅ 799/2005 ላይ ያለው፣ የሚሸፍነው መኪናችን ሌላ ሰው ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ነው። ለስርቆት ምንም የለውም። እኛ ስርቆትንም የሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና ስለነበረን ተመስገን አልን። ፖሊስ መኪናዋ አልተገኘችም ብሎ ደብዳቤ እስኪጽፍ መጠበቅ ነው፣ ወራት ይወስዳል። ሊብሬ፣ ሁለቱንም ቁልፍ፣ የባለቤትነት ማዛወሪያ ፊርማ ታስረክባለህ። ይሄ ሁሉ አልፎ የሚከፈለን ብር ሲነገረን ነው ዳግመኛ የተሰረቅነው።

ውሉን ያደስነው በግንቦት 2016 ነበር። መኪናዋ የተገመተችው በዚያን ጊዜ ገበያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሬው ነገር ለገበያ ተለቀቀ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያው ያሉት አሮጌዎች ወርቅ ሆኑ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ቆሞ ቀርቷል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ከተጻፈው በላይ አይከፍልም፣ ከዚያም ላይ እኛው የምንሸከመው ተቀናሽ አለው። ዋጋው ሲወርድ ቢሆን ኖሮ በገበያው ዋጋ ይከፍሉን ነበር፣ ሲወጣ ግን በወረቀቱ! ጸሐፊዋን ይሄን ስላት «ውሉ ላይ አለ» አለችኝ። አለ። በጣም ትንንሽ ፊደል ነው።

ስለዚህ ሙሉ ዋስትና ያላችሁ ሰዎች፣ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። መሃል ላይ ሄዳችሁ የመድኑን መጠን አስጨምሩ፣ ልዩነቱን ከፍላችሁ ማሻሻያ ወረቀት ይሰጧችኋል። ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ብሩን ይዘን ደላላ ጋ ስንሄድ «ይሄ ለሞተር ሳይክል ይሆናል» አለን። እስካሁን በታክሲ ነን፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት ሰርቪስ ይሄዳሉ፣ ለሱም ሌላ ወጪ። ባለቤቴ አሁን ብድር ጨምረን የኤሌክትሪክ መኪና እንግዛ ይላል። እኔ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ገመዱን በመስኮት ልትጥለው ነው እንዴ እላለሁ። እሱ ሥራ ቦታ እሞላታለሁ ይላል። መብራት ሲጠፋስ? ትናንት ማታም በዚሁ ተኳርፈን ነው የተኛነው።