የአቃቂን ወንዝ በራሱ ፌስታል እንዴት ሳልኩት

ወንዝ እስላለሁ ስትሉ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰማያዊው ቀለም ነው። አቃቂ ግን ሰማያዊ አይደለም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ እየተቀበሉ ይወርዱና አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሰው ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። በመንገዳቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማባቸዋል፤ ያ አትክልት ደግሞ ዞሮ እኛው ገበታ ላይ ይቀርባል። ይሄን ወንዝ አሳምሬ መሳል አልፈለግኩም። ሆን ብዬ ማስጠላትም አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም ዳሩ ላይ ሰው ይኖራል፣ ልጆች ያድጋሉ፣ ወፍም ያርፍበታል።

ሐሳቡ የመጣልኝ መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ እንደወጣ በወንዙ ዳር ብትሄዱ ዛፎቹ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም። ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ይዞ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተቀጣጠለ፣ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል፤ ከመስመሩ በታች ቅጠሉ ጭቃ ለብሷል፣ በላዩ አረንጓዴ ነው። ሥዕሉን የሰጠኝ ያ መስመር ነው። ሰማዩን፣ ኮረብታውንና ባሕር ዛፉን በቀለም፣ መስመሩን በራሱ በፌስታሉ እሠራለሁ አልኩ። አንድ ነገር ደግሞ ለራሴ ወሰንኩ፦ ሥዕሉ ላይ የሚገባ ቆሻሻ ሁሉ ከዚያው ከምስለው ቦታ የተለቀመ መሆን አለበት። የትም የተገኘ ቆርኪ ብትለጥፉበት ጌጥ ነው የሚሆነው። ከቦታው ሲመጣ ግን ማስረጃ ነው።

ስትለቅሙ ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት የግድ ነው፣ ውሃው ፍሳሽ ነውና በዚህ ቀልድ የለም። መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት፣ ከዚያ ውሃ በገባበት በረኪና ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። መርፌ፣ የመድኃኒት ዕቃና ባትሪ አትንኩ።

አሁን ወደ ሥራው። ፌስታል ቀለም አይቀበልም። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው የሥዕል ቀለም) ብትቀቡት ያምራል፣ ሲደርቅ ግን በጥፍር ይላጣል፣ ኮላም አይዘውም። ስለዚህ የፌስታሉን ቀለም እንዳለ ነው የተጠቀምኩት፦ ጥቁሩ ለጥላ፣ ቢጫው ለደረቀ ሣር፣ ነጩ ለአረፋ። ወፈር ያለ ነገር ስፈልግ ብዙ ፌስታል ደራርቤ በላይም በታችም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጌ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ፕላስቲኩ ከ105 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ መካከለኛ ሙቀት ይበቃዋል፤ ተኮማትሮ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ እና የሚገርማችሁ ያ መኮማተር የውሃውን ሞገድ ከብሩሼ በተሻለ አወጣው። መስኮት ክፈቱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የቧንቧ ፒቪሲ ግን በፍጹም እሳት አይንካው፣ ጭሱ መርዝ ነው።

የማያያዣው ጉዳይ በስፌት ተፈታ። ሸራ ክብደቱን ስለማይችል ኮምፔርሳቶ ላይ ሠራሁ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁትና ከማዳበሪያ ከረጢት በተረተርኩት ክር ሰፋሁት። ጭቃማው ውሃ ደግሞ ዳር ላይ ተጥሎ ያገኘሁት የዛገ ቆርቆሮ ነው። ዝገቱ ባልበረታበት በኩል አቼቶና ጨው ቀብቼ እንዲዝግ ተውኩት፣ ሲደርቅ ዘይት ነክ ቨርኒሽ አለበስኩት። ያለ ቨርኒሽ ዝገቱ በአክሪሊኩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በተገዛ የኤሌክትሮኒክስ ጥራጊና ሽቦ የሠራቸውን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላሉ፣ ቀርባችሁ ስታዩ ሽቦ ናቸው። እኔ ከሱ የወሰድኩት ይሄን ርቀት ነው። ከሩቅ መልክዓ ምድሩ ራሱን ችሎ መቆም አለበት፣ ሰማዩ ጥልቀት፣ ኮረብታው ክብደት ሊኖረው ይገባል። ከሩቅ ቆሻሻ የሚመስል ሥዕል ሰው ቀርቦ አያየውም። የኔን ያዩ ሰዎች መጀመሪያ «ደስ ይላል፣ የት ነው?» ይሉና ሲቀርቡ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ስለ ራሳቸው ሰፈር ወንዝ ማውራት ይጀምራሉ። ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ ቃል ሳልናገር።

ፀሐይ ፌስታልን ያደርቀዋል፣ እየተሰባበረ ይረግፋል። ስለዚህ ሥዕሉን ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ የሚገዛችሁ ሰው ካለም ይሄን ቀድማችሁ ንገሩት።

ከሁሉ በላይ አሠራሬን የቀየረው ግን የብሩሽ ማጠቢያው ነው። አክሪሊክ ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ የቤቴ ፍሳሽ ደግሞ መድረሻው ያው አቃቂ ነው። ስለ ወንዙ እየሳልኩ ወንዙን መቀለብ አልችልም። አሁን የማጥበው ባልዲ ውስጥ ነው። ያድርና ቀለሙ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠለለውን ውሃ ለሚቀጥለው እጥበት እገለብጣለሁ፣ ዝቃጩን አድርቄ ለቀጣዩ ሥዕል የመሬት ቀለም ውስጥ እቀላቅለዋለሁ። ግራጫማ ቡናማ ነው የሚወጣው፣ ከቱቦ የሚገዛ ቀለም የማይሰጠው ዓይነት።

የአሁኑ ሥራዬ አባ ሳሙኤል ነው፣ እምቦጩን ጭምር። ግንዱ ሲደርቅ ጠንካራ ስለሚሆን ሳልፈትለው እየሰፋሁት ነው።